ሜዳ ያልነው

በር ላይ የተደረደሩት የልጆቼ እርጥብ ቦት ጫማዎች ሲሸቱኝ ያ ፍርሃት ይመለስብኛል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎች፣ ቶሮንቶ በገባን በመጀመሪያው ክረምት ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተድላ ከከተማው በስተሰሜን ወዳሉት ኮረብታዎች ይዘውኝ ወጡ። በረዶው ውስጥ እንዳንገባ እግራችን ላይ ወንፊት የሚያክል የበረዶ ጫማ አስረናል። ዳገቱ ሲያደክማቸው «በሜዳው እናቋርጥ» አሉ። መሃል ስንደርስ አንድ ሰው በረዶውን በስቶ ዓሣ ሲያጠምድ አየን። የቆምነው ሐይቅ ላይ ነበር። ከሥራችን በረዶው ጓ አለ።

«ጋሼ፣ ልንሰምጥ ነው!»

«ዝም በል! በረዶው ሁለታችንን አንድ ላይ አይችልም፤ ከኔ ራቅ ብለህ ና» አሉኝ።

ዳር ስንወጣ «ለእናትህ በሜዳ ሄድን በላት» አሉኝ፤ እኔም እንዲሁ አልኳት።

ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ እቆጣለሁ። እናቴ ግን በረዶው ቀልጦ በጋ በመጣ ቁጥር ያን ሜዳ እንዳሳያት ትጠይቀኛለች።