ገነቴ ቅቤ የነቀፈችበት ቀን

አለፈች! እልል በሉ፣ አለፈች!

ማን አትሉም? የሆሳዕናዋ ቅቤ ነጋዴ ገነቴ ናታ! ሁለት ጊዜ የጣላትን የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና በአርባ ስድስት ዓመቷ ዛሬ ከሰዓት አለፈችው። ለሦስተኛ ጊዜ ብትወድቅ ኖሮ ከጎልማሶች ክፍል ስሟ ሊሰረዝ ነበር።

ሰነፍ እንዳትመስላችሁ። ደብተሯን አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ያስቸገራት አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ ማስረጃ አይቶ በእንግሊዝኛ «ይሄ እንዲህ ሊሆን አይችልም» ብሎ መደምደም። ቅቤ ተራ ውስጥ ይሄ ነውር ነዋ! የሰው ቅቤ ካልጣመሽ ጫን አድርገሽ፣ አሽትተሽ፣ መልሰሽ ሸፍነሽ «ይቅናሽ» ብለሽ ትሄጃለሽ እንጂ በሰው ፊት አትነቅፊም። ገነቴ ሃያ ዓመት የኖረችው እንዲህ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ፈተናው ላይ ዝም ያለችው ለዚህ ነው።

ታዲያ ዛሬ ወጣቱ መምህሯ ሚካኤል ፊቷ ያስቀመጠላት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ!

«እትዬ ገነቴ፣ ስመጣ መንገድ ላይ ገዛሁት። ሻጯ ዛሬ ጠዋት ነው የናጥኩት ብላኛለች። እርስዎስ ምን ይላሉ? በእንግሊዝኛ።»

ጠዋት የታሰረ ኮባ አረንጓዴ ነው፤ ይሄኛው ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ደርቋል። ጫን አደረገችው፤ አሸተተችው። እጇ እንደ ልማዱ መልሶ ሊሸፍነው ሲል ከኋላ አብሯት የሚማረው ባጃጅ ነጂው ሳዲቅ፣ «እትዬ፣ ቅቤው አፍሽ ውስጥ ረጋ እንዴ?» ብሎ ለከፋት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ገነቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይቅር በይኝ እህቴ፣ ማን እንደሆንሽ ባላውቅም» አለች፣ እዚያ ለሌለችው ሻጭ። ከዚያ ለቀቀችው!

«ዚስ ባተር ካንት ቢ ፍሬሽ! ሺ ካንት ሃቭ ሜድ ኢት ቱደይ!» ቅቤው ትኩስ ሊሆን አይችልም፣ ዛሬ የናጠችው ሊሆን አይችልም ማለቷ ነው!

«ማስረጃ?» አለ ሚካኤል።

«ዘ ሊፍ ኢዝ የሎው። ዘ ስሜል…» ቃሉ ጠፋት፤ ቅቤውን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

ሚካኤል ፊቱን አጨማደደ። «አልፈዋል፣ እትዬ። የወደቅኩትስ እኔ ነኝ፤ የሳምንት ቅቤ ተሸክሜ!»

«አስር ቀን አልፎታል» አለች ገነቴ። አንዴ አፏ ከተከፈተ ማን ይመልሳት!

በሉ አሁን አታቆዩኝ። ቅቤ ተራ መደቧን ስትጠብቅላት የዋለችው ጵርስቅላ ገና አልሰማችም፤ ሳዲቅ በባጃጁ ሳይቀድመኝ ልሩጥ!