በአረቄ የሚበረው በርሜል

ባለፈው ሳምንት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ስመጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ስለ ጠፈር ጉዞ የተጻፈ የልጆች ልብ ወለድ እያነበበች ብቻዋን ትስቅ ነበር።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?" አልኳት።

"ኮከብ ላይ ወርደው ሽንት ቤት አጡ እኮ፣ እማማ!"

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ቶሎ ቆመ፤ ይታይሽ ትዝ አለችኝ።

ይታይሽ ዳንግላ ስንማር ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር የምትቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ሳለን፣ ሰው ወደ ሰማይ መንኮራኩር ላከ የሚለውን ወሬ ከአንድ ነጋዴ ሱቅ በራዲዮ ሰማንና እኛም በደብተር ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርን። ፊታውራሪ ገዳሙ የሚባል ጉረኛ፣ ጓዙን ሁሉ በበቅሎው ጭኖ፣ በአረቄ በሚነዳ በርሜል ከነበቅሎው ጨረቃ ላይ ይወጣል። የጨረቃ ሰዎች ሦስት ሦስት ጆሮ አላቸው፤ አጥርቶ የሚሰማ ግን የለም። "እንግዳ ነኝ!" ብሎ ሲጮኽባቸው፣ "እንጎቻ ነኝ ይላል" ተባብለው ወጥ ይዘው ይከቡታል። ጆሮውም እንጎቻውም የይታይሽ ፈጠራ ነበሩ። እኔ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር እጽፍ ነበርና ደራሲዋ እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። የጭነት መኪና ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ከክፍል ወጥቶ ይከተለዋል። ያ ደብተር ታትሞ አዲስ አበባ እንደሚያደርሰኝ አልጠራጠርም ነበር።

ጥር ላይ ይታይሽን ለጥሊሊ ሰው ዳሯት። ፊታውራሪው አረቄው አልቆበት ጨረቃ ላይ እንደ ቀረ ነው። ሁለት ወር ብታገል መመለሻ አጣሁለት። መጋቢት ላይ አላስቻለኝም፤ እናቴን "ቆሰበር አክስቴን ልጠይቅ" ብዬ ዋሽቼ፣ እህል በጫነ መኪና ጥሊሊ ሄድኩ። ስወርድ አቧራው ቅንድቤን አንጥቶት ነበር።

ይታይሽ በቀርከሃ በታጠረው ግቢ በረት ስትጠርግ ደረስኩ። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ሳመችኝ። ጾም ስለነበር ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረበችልኝ። እኔ ግን አንዱን እንኳ ሳልልጥ ደብተሩን አወጣሁ።

"በይ ንገሪኝ፣ እንዴት ይመለስ?"

የድንቹን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ "እንዴት ነሽ እንኳ አላልሽኝም" አለች።

"ውይ... እንዴት ነሽ?"

"ደኅና ነኝ። ደብተሩን ተይልኝ። ከብቶቹን ስጠብቅ አነበዋለሁ፤ መጨረሻውንም እጽፍልሻለሁ።"

"ያለው እኮ ይኸው አንድ ነው፤ ቢጠፋስ?"

"እሱ የኔም ነው።"

አማቷ ከቤት በአገውኛ ተጣሩ። ይታይሽ ተነሣች፤ እጇን ግን እንደዘረጋች ነበረች። ደብተሩን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ፣ "ሹፌሩ እየጠበቀኝ ነው" አልኩ። የሚጠብቀኝ ሹፌር አልነበረም። መንገድ ዳር ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ።

መጨረሻውን ብቻዬን ጻፍኩት። ክፍል ውስጥ ሳነበው አንድም የሳቀ አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቆሰበር አስተማሪ ሆኜ ሳለ፣ ተማሪዎቼን ተረት አውሩ አልኳቸው። ከጥሊሊ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሥታ የፊታውራሪውንና የበርሜሉን ነገር ጀመረች። ምንም አልቀራትም።

"ታዲያ እንዴት ተመለሰ?" አልኳት።

"በቅሎዋ በርሜሉን በእርግጫ አለችውና ፊታውራሪው ጥሊሊ ገበያ መሃል ወደቁ።"

"በቅሎዋስ?"

"እሷማ እዚያው ቀረች። ጨረቃ ላይ ጭነት የለም።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ማን እንደ ነገራት ስጠይቃት፣ "እናቴ" አለችኝ። ለእናቷ ሰላምታ እንኳ አልላክሁም፤ አፈርኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ቁጭ ብያለሁ ይባላል እንጂ እግሬ አላረፈም። ብዙ አገር ዞሬያለሁ። ስሸሽ የኖርኩት ከዳንግላ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከዚያ በቀርከሃ ከታጠረው ግቢ ነው። ይታይሽ ዛሬም ጥሊሊ አለች ይሉኛል። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ሩቁ እኔ ነኝ።