አቤት ያላልኩበት ጫካ

ትናንት ከደዶ የመጣ ኮረሪማ ተረከብኩ። በገመድ ተሰክቶ እንደ መቁጠሪያ የተንጠለጠለ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ጅማ ከተማ፣ አወቱ መንደራ ካለችው ትንሿ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ አንዱን በጥርሴ ሰበርኩት። ውስጡ ጭምድድ ያለ ነው፤ ሳይበስል የተለቀመ። እርጥብ ሣር ሣር ሸተተኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ እህቴ፣ ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው መኖር አለመኖሩን አየሁ። ማንም አልነበረም።

ያኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። እናቴ እኔን አዝላ ከደቡብ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ጭራሮ የምትለቅምበት ስንዝር መሬት እንኳ አልነበራትም። ከጫካው ዳር ጎጆ ተከራይተን እንኖር ነበር። እንደ እሷ መሬት የሌላቸው ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ጫካውን ከግብርና ቢሮ በውል ተረከቡ። ዛፍ አይቆረጥም፤ ከዛፉ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ኮረሪማ ቀይ ሲሆን ለቅመው ይሸጣሉ። አረንጓዴ ከተገኘባቸው ውሉ ይፈርሳል፣ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። እናቴ ጫካውን «መሬቴ» ትለው ነበር፤ እንዲህ ስትል ፊቷ ይበራል።

ሌላም ሕግ ነበር፣ ውሉ ላይ ያልተጻፈ። ሊቀመንበሯ እዚያው ተወልደው ያረጁ ሙስሊም እናት ነበሩ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ጆሮዬን ያዝ አድርገው፣ «ጫካ ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም። ስምሽን ከሰማ ይይዘዋል። በስምሽ ቢጠራሽ ደግሞ አቤት እንዳትዪ፤ ወላሂ፣ እዚያው ትቀሪያለሽ» አሉኝ። ማን እንደሚይዘው አልነገሩኝም። ለዚህ ነው እያንዳንዷ ሴት ምልክት የነበራት። እሳቸው ያፏጫሉ፤ እናቴ በዱላዋ የዛፍ ግንድ ሁለቴ ትመታለች፤ ቋ ቋ። የዛሬዎቹ ልጆች ሞባይል ይዘው ይገባሉ፤ ኔትወርክ ስለሌለ ግን እንደ ድሮው ያፏጫሉ አሉ።

እናቴ በዚህ ነገር ትስቅ ነበር። «እኔ ኢየሱስ አለኝ! ጫካው ስሜን ከፈለገ መታወቂያዬን ያንብብ!»

«ኢየሱስሽ ይጠብቅሽ፣ አንቺ ጴንጤ» ይሏታል ሊቀመንበሯ፣ «ግን ዱላሽን እንዳትረሺ።» ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው ነገሩ የሆነው። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ጅማ ከተማ ነበር፤ የማድሪያ ኪራይና ዩኒፎርም ያስፈልገኛል። ኮረሪማው ገና አልቀላም። እናቴ «ታገሺ» ትላለች። አንድ ደላላ በሞተር ሳይክል መጥቶ ምንጩ ጋ ብቻዬን አገኘኝ። «አረንጓዴውንም እወስዳለሁ። ማን ያያል? ቀዩን ስትጠብቂ ምዝገባው ያልፍሻል!» አለኝና ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ «ምዝገባው» የሚለው ቃል ሲያቃጭልብኝ አደረ።

ጠዋት እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ጆንያ ይዤ ገባሁ። የሥራ ቀን ስላልነበረ ጫካው ውስጥ ሰው የለም። ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ብርሃኑ ከሰማይ መምጣቱ ቀርቶ ከቅጠሎቹ የሚወጣ ይመስል ነበር። ኮረሪማ የሚያፈራው ከግንዱ ሥር፣ መሬቱ ላይ ነው፤ ተንበርክከሽ እጅሽን ከቅጠሉ ሥር ትሰጃለሽ፣ እጅሽ የሚነካውን ዓይንሽ አያየውም። ከላይ ጉሬዛዎች ይጮኻሉ። እየለቀምኩ፣ እየለቀምኩ፣ ባንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ የቆመ መሰለኝ።

ከዚያ ስሜ ተጠራ።

በእናቴ ድምፅ። ከታች፣ ከወንዙ በኩል። አፌ ለአቤት ተከፈተ፤ «አ» ብዬ ያዝኩት። እናቴ ብትሆን ዱላዋን ትመታ ነበር። ጠበቅኩ። ቋ የሚል ነገር የለም። ሁለተኛው ጥሪ ከላይ፣ ከጉብታው መጣ፤ በዚያች ቅጽበት ከወንዝ ጉብታ የሚደርስ እግር የለም። ሦስተኛው እጄን ከሰደድኩበት ቅጠል ጀርባ ነበር። ቀስ ብሎ፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ እንደምትቀሰቅሰኝ አድርጎ።

ጆንያውን እዚያው ገልብጬው ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ የለችም። ጀሪካኑ ሞልቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ዱላዋ ከቦታው የለም። ጆንያውን ስታጣ እኔን ፍለጋ እንደገባች ያኔ ገባኝ። ስጠብቃት ስጠብቃት እኩለ ቀን ሆነ፤ ወደ ሊቀመንበሯ ሮጥኩ። ሴቶቹ ተጠራርተው ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሲያፏጩ፣ ሲያጨበጭቡ፣ ግንድ ሲመቱ ሰዓታት ሄዱ፤ አንዳቸውም ግን የእናቴን ስም ከአፋቸው አላወጡም። ያገኟት ወደ ማምሻው ላይ፣ ከወንዙ ገደል ሥር ነው። እግሯ ተሰብሯል፣ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል፣ ዱላዋን ውሃው ወስዶታል።

ቃሬዛው ሲሠራ ሊቀመንበሯ እጄን ይዘው አሸተቱት። የአረንጓዴ ኮረሪማ ሽታ በቀላሉ አይለቅም። ከተናገሩ የማኅበሩም የእናቴም ነገር አበቃ። ከወንዙ ዳር ጭቃ ዘግነው መዳፌን በጭቃው ያሹት ጀመር። «ታጠቢ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «የግብርና ሰዎችም አፍንጫ አላቸው።» ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አንስተውት አያውቁም።

ሴቶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው ሲወጡ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰምተሽኝ ነበር?»

«አልሰማሁም፣ እማዬ።»

ይህን ስል ፊቴን በደንብ አየችው። «አንዴ ጠርቼሽ ነበር» አለች፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዱላዬ ሲያመልጠኝ ጊዜ ጨነቀኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ሌላ ነገር በእኔ ድምፅ ሲጠራሽ ሰማሁ። ጌታ ሆይ፣ ልጄን አቤት እንዳታሰኛት ብዬ ለመንኩ።» ያቺ በጫካው ሕግ ስትስቅ የነበረችው ሴት ናት እንዲህ ያለችው።

ትምህርቴን በዓመቱ፣ በቀዩ ኮረሪማ ገንዘብ ቀጠልኩ። እናቴ እያነከሰች፣ ጫካ መግባቱ ቀርቶባት፣ ኮረሪማውን በገመድ እየሰካች ከማኅበሩ ጋር ብዙ ዓመት ሠራች። እኔን ግን ከዚያ ቀን በኋላ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። በቤትም፣ በገበያም፣ ጅማ ሆስፒታል በመጨረሻዎቹ ቀኖቿም «ልጄ» እና «አንቺ» ነበርኩ። እኔም የዋሸኋትን ሳልነግራት አረፈች። ስሜን ከእናቴ አፍ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ከሦስቱ የትኛው የእሷ እንደነበር ግን አላውቅም።