ለሁለት የተከፈለው በር

ያቺን የገጠር ክብ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የረገጥኳት በጫማዬ ነው። ፕሮቴስታንት ነኝ፤ እኛ ጋ በጫማ ነው የሚገባው፣ ልብም አላልኩ። ቄሱ ከውስጥ "አንተ! ጫማህን!" ብለው ሲጮሁብኝ ካሜራዬ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ወጥቼ አወለቅኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ የመጣሁበትንም ነገርኳቸው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦሜትሪ አስተምራለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ስሥለው የኖርኩትን ክብ፣ ሰው ውስጡ ቆሞ ሲጸልይበት ሳይ ግን እብድ ነው የምሆነው። የመጀመሪያ የፎቶ ኤግዚቢሽኔንም በእሱ ልከፍት ፈልጌያለሁ።

"አንሳ፤ ግን እኔ ሳላየው አትሰቅለውም" አሉኝ።

"ቃሌ ነው፣ አባ።"

ከበሩ ጀምሬ ግድግዳውን እየተከተልኩ፣ መስኮቱን፣ ከበሮውን፣ የተደገፈውን መቋሚያ ሁሉ እያነሳሁ ዞሬ እዚያው በሩ ላይ ጨረስኩ። ፎቶዎቹን አገጣጥሜ ሐዋሳ ፒያሳ አሳተምኩና ረጅሙን ጥቅልል ይዤ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ተመለስኩ። ግቢው ሣር ላይ ዘረጋሁላቸው። አባ ከዳር እስከ ዳር እየተራመዱ አዩት።

"ይሄማ አጥር ነው" አሉ። "ግማሽ በር እዚህ፣ ግማሽ በር እዚያ! በየት በኩል ልግባ? አይሰቀልም።"

ተናደድኩ። እስከ ከተማ ድረስ ለብቻዬ ስነጫነጭ ነው የመጣሁት። ያለዚያ ፎቶ ኤግዚቢሽኑ ምን ሊረባ! ይባስ ብሎ ሰውየው ልክ ናቸው፣ ያበገነኝም ይሄው ነው። የጂኦሜትሪ መምህር ክቡን ዘርግቶ አጥር ያደርገዋል?

ክብ ካላደረግኩት ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ፎቶው የሚወጠርበት ክብ ግድግዳ እንዲሠራልኝ እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ያለ አንድ አናጺ ዘንድ ሄድኩ። "ኮምፔንሳቶ እንዲህ አይታጠፍም፣ መምህር፣ ይሰነጠቃል" አለኝ። ተሰነጠቀም። ሌላ አመጣን፣ እሱም ተሰነጠቀ።

"ተወው በቃ!"

"አልተውም! በቀርከሃ እንሞክር።" የአባቴ ቤት ክብ ነው፤ ቀርከሃ ሲታጠፍ እያየሁ ነው ያደግኩት። ቀርከሃው እሺ አለ። ፎቶውን በውስጥ በኩል ወጠርነው። ሁለቱ የበር ግማሾች ግራና ቀኝ ቆሙ፤ መሃላቸውን ሰው በሚያሳልፍ ስፋት ክፍት ተውነው።

አባን ራሴ ሄጄ አመጣኋቸው። የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ለሕዝብ ገና አልተከፈተም፤ ካልወደዱት ላወርደው ቆርጫለሁ። ክፍቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁና ገቡ።

ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ተከትያቸው ዘው ልል ስል ከውስጥ ጮኹብኝ።

"አንተ! ጫማህን!"