ለአምፖል የሚነሳ ሞተር

የተጋባነው ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው፤ የመጀመሪያ ቤታችንም መኪና ነበረች። ባለቤቴ ለውጭ እንግዶች ሲሾፍር የተዋወቃቸው ሽማግሌ ፈረንጅ ባልና ሚስት ከአገራቸው ድረስ እየነዱ ያመጧት አሮጌ ኮምቢ ናት። ሰውየው አዲስ አበባ ላይ ታመመና ሚስቱ በአውሮፕላን ይዛው ስትመለስ መኪናዋን ለባለቤቴ ትተውለት ሄዱ። ውስጧ አልጋና ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ አለ፤ ጣሪያዋ ሲገፋ ዙሪያውን በሸራ ተይዞ ወደ ላይ ይነሳል፣ ያኔ ቆሞ ልብስ መልበስ ይቻላል። የቀበሌ ቤት እስኪደርሰን ብለን፣ መርካቶ ሰባተኛ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ባለው የአክስቱ ግቢ አቆምናትና ገባንባት።

አክስቱ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ቆጣሪው የጋራ ነው ብለው የመብራት ገመድ እንድናስገባ አልፈቀዱም። መብራታችን ከመኪናዋ ሁለተኛ ባትሪ ነበር። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን መቀመጫውን ገልብጦ አሳየኝ።

"ይቺኛዋ ሞተር ማስነሻ ናት፣ አትንኪያት። ያቺኛዋ የኛ ናት። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል፤ ሲጠፋ ይቺ መቁረጫ ትለያያቸዋለች። እስኪነጋ ብታበሪ እንኳ መኪናዋ ትነሳለች።"

ቤት ሠርቶ ያስረከበኝ ያህል ነበር የሚናገረው።

ባትሪዋን ለመሙላት በየእሁዱ እንወጣ ነበር። በኮልፌ አድርገን ወደ ቡራዩ፣ ሲመቸን እስከ ሆለታ። እኔ ከጎንደር የመጣሁ፣ ከተማውን ገና የማላውቅ ሰው ነኝ፤ አዲስ አበባን ያየሁት ባትሪ ስንሞላ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ከዚያ ንግዱ ተፈታና መርካቶ ውስጥ ባዶ መሬት የሚተው ጠፋ። እትዬ የግቢውን መግቢያ ለአንድ የሰልባጅ ጅምላ ነጋዴ አከራዩት፤ ከስልጤ አገር የመጡ፣ ሁሉም ሐጂ የሚሏቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው። ትልቁ በር በነበረበት ቦታ የእንጨትና የቆርቆሮ መጋዘን ቆመ። ለእኛ በጎኑ ሰው ብቻ የሚያልፍባት ቀጭን መተላለፊያ ቀረችልን።

"መኪናዋስ?" አልኩት።

"ለጊዜው ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይነሳል ብለውኛል።"

ክረምቱ ወጣ፤ መጋዘኑ አልተነሳም። እኔ አረገዝኩ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። ባትሪዋ ግን መሞላት ነበረባት። መኪና ቆሞ ሲሠራ ዲናሞው እምብዛም አይሞላም፤ ነዳጅ መስጫውን ረገጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ባለቤቴ ሥራ ስለሚውል ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ከሰዓት በኋላ መሪ ጨብጬ እቀመጣለሁ። ከፊቴ መስታወቱን ሊነካ የደረሰ ቆርቆሮ አለ፤ የሚስማሮቹን ዝገት ሳይቀር አውቀው ነበር። እግሬ ይረግጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ የትም አልሄድም።

"ባትሪዋን አውጥተህ ባትሪ ቤት ለምን አታስሞላትም?" አልኩት አንድ ቀን።

"ሞተሩ ካልተነሳ ይደርቃል። ስንወጣ እምቢ ይለናል።"

"ስንወጣ" የምትለዋን ቃል አዘወተራት። እኔ ጭንቀቴን ለእትዬ ባዋያቸው፣ "ታድለሽ፣ መርካቶ መሐል ያለ ኪራይ ትኖሪያለሽ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገርኩም።

በተከታዩ ክረምት ሐጂ ዕቃቸው እንዳይረጥብ ግቢውን ከላይ በቆርቆሮ አለበሱት። የቀረችን ሰማይም ተሸፈነች።

የዚያን ቀን ዝናቡ ከባድ ነበር። ልጄን ከኋላ፣ ከሞተሩ በላይ ባለው አልጋ አስተኝቻታለሁ፤ ሙቀቱና ንዝረቱ ያስተኛታል። መስኮቶቹን ዘግቼ ነዳጁን ረገጥኩ። ራሴን ሲያመኝ እንቅልፍ ማጣት መሰለኝ። ቀጥሎ እግሬ ከበደኝ፣ ቆርቆሮው ከፊቴ ወዲያ ወዲህ አለብኝ። ዞሬ ልጄን ብጠራት አልተንቀሳቀሰችም።

ሞተሩን አጥፍቼ እየተንገዳገድኩ ወደ ኋላ አለፍኩ። ሳነሳት አንገቷ ክንዴ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የጎኑን በር ብስበው ነቅነቅ ብሎ ቆመ። በላብ የታፈነውን መስታወት ብጠርገው ከውጭ ሌላ ነገር አይታይም፤ ቦንዳ ብቻ ነው። ዝናብ ያጣደፋቸው ተሸካሚዎች አዲስ የገባውን የልብስ ቦንዳ በመኪናዋ ጎን እስከ ላይ ደርድረውታል። ሞተሩን ሰምተዋል፤ ሁልጊዜ ስለሚጮኽ ግን ውስጡ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። በሾፌሩ በኩል ያለው በር ከግንብ ጋር ተጣብቋል። መስኮቱን ባወርደው የሚገባው ከቆርቆሮው ሥር የታመቀው ያው የሞተሩ ጭስ ነው። ጡሩምባውን ተጫንኩ። መርካቶ ውስጥ ለጡሩምባ ማን ዞር ይላል?

ጣሪያውን በትከሻዬ ገፍቼ አነሳሁት። ሸራውን በሽንኩርት ቢላ ቀደድኩና ልጄን በቀዳዳው አወጣኋት። በግንቡና በቆርቆሮው መካከል ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባ ነበር፤ ወደዚያ በሁለት እጄ ዘርግቼ ይዣት ጮኽኩ።

ቦንዳ ተሸክሞ የሚገባ አንድ ጎልማሳ ቀና ቢል ከመኪና ጣሪያ ሕፃን ወጥታለች። ሸክሙን ጣለው።

"ሰው አለ እንዴ እዚህ ውስጥ?"

በቦንዳው ላይ ወጥቶ ከእጄ ተቀበለኝና ይዟት ወደ ዝናቡ ሮጠ። እኔ በሩን እስኪያስለቅቁልኝ እዚያው ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። ስታለቅስ ሰማኋት።

ጤና ጣቢያ ሐጂ አብረውን ሄዱ። ስንመለስ፣ "ሰው እንደሚኖርባት አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ስለማያት ረሳሁት" አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ባለቤቴ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት። "ወይ መኪናዋ ትወጣለች፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።"

የተቀደደውን ሸራ አየና፣ "ይሰፋል" አለ። ከዚያ ልጅቷን አቀፋት። ፀጉሯ ገና ጭስ ጭስ ይል ነበር። የመኪናዋ በር መርገጫ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

እሁድ ሐጂ መኪናዋ እንድታልፍ የመጋዘናቸውን ፊትና ጀርባ አስፈቱ። በየቀኑ ስናስነሳው የኖርነው ሞተር ወዲያው ተነሳ፤ ጎማዎቹ ግን ከመቆም ብዛት ተንፍሰው ነበር። ያ ተሸካሚና ጓደኞቹ ነፉልን፣ ከኋላም ገፉልን። ኮልፌ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር፤ መኪናዋም እዚያ የሚገኝ የባለቤቴ ወዳጅ ጋራዥ ትገባለች።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ በሩን ከፈተልኝ። "ግቢ።"

"አልገባም።"

"መንገዱ ሩቅ ነው፣ ልጅ አዝለሻል።"

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

በመንገዱ ዳር መሄድ ጀመርኩ። ጥሎኝ አልሄደም። በአንደኛ ማርሽ ከጎኔ ያዘግማል፤ ከኋላው ታክሲዎች ይጮኻሉ፣ ወያላዎች ይሳደባሉ። አውቶቡስ ተራን ካለፍን በኋላ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ "ደከመሽ?" አለኝ።

"ገና ነኝ" አልኩት።