የኔታን ለማከም ስምንት ሳምንት

የሥነ ልቦና ሕክምና የዶክትሬት ተማሪ ሆኜ በሦስት ዓመት ውስጥ የተማርሁት ዋና ነገር ዝም ማለት ነው። ይህን ለደብረ ማርቆስ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ አዲስ አበባ ዝምታ ትማራለች» ማለቱ ስለሚያሳፍራት «የሐኪም ትምህርት ነው» ትላለች። «የምን ሐኪም?» ሲሏት «የነፍስ» ትላለች። «ታዲያ ለነፍስ ቄስ አይበቃም?» ይሏታል። እውነት ለመናገር ትምህርት ቤታችንም በብዙ መጻሕፍት የሚያስተምረን ይህንኑ ጥያቄ ነው፦ የክርስትና እምነትንና የሥነ ልቦና ሳይንስን እንዴት አንድ ላይ ማስኬድ እንደሚቻል። በወረቀት ላይ በጣም ይቻላል።

ለተግባር ልምምዱ አንድ ሰው ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሃምሳ ደቂቃ ማነጋገርና ድምፁን እየቀረጹ መላክ ግዴታ ነው። ቅጂውን አዲስ አበባ ያለችው አማካሪዬ ታዳምጠዋለች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ሁለት ቃል የሚበቃበት ቦታ ሦስተኛ አትጨምርም። እኔም «የሀገሬን ሰው አክማለሁ» ብዬ ፎክሬ ማርቆስ ገባሁ።

የሚታከመውን ሰው ያገኙልኝ ንስሐ አባታችን ናቸው። በከተማው ዳር ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው የኔታ ነበሩ፤ ንስሐ አባታችንንም ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ አሥር ወር ሆኗቸዋል። ለስንቱ ሰው ተዝካር ቅኔ ሲያቀርቡ የኖሩት የኔታ ለገዛ ሚስታቸው ተዝካር ቆመው፣ ጠብቀው፣ ምንም ሳይሉ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅኔ አልመጣላቸውም። ተማሪዎቻቸውም ግማሹ ወደ ደብረ ኤልያስ ሄዷል። «ሙት ዓመቷ ሁለት ወር ቀረው፤ ያኔም ቃል ካጣሁ ጸጋው ተነሥቶኛልና ጉባኤውን እዘጋለሁ ብለዋል» አሉኝ ንስሐ አባታችን። «አንቺ ዘንድ እልካቸዋለሁ።»

የተገናኘነው ለሰንበት ትምህርት ቤት በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መመሪያችን፣ ታካሚው ከፈለገ ቆይታው በአጭር ጸሎት ሊከፈት ይችላል ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው የቅኔ መምህር አያውቅም።

«በጸሎት እንጀምር?» አልሁ።

የኔታ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞሩ። እኔም ተነሣሁ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደረሱ፤ ከዳዊት ደገሙ፤ ሙታንን በክርስትና ስማቸው አሰቡ፤ ስለ ዝናሙ፣ ስለ መንገደኛው፣ ስለ ሀገሩ ለመኑ። አርባ አንድ ደቂቃ። በቀረችን ዘጠኝ ደቂቃ የመቅረጫውን የፈቃድ ወረቀት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ለትምህርትሽ ነው?» አሉኝ። አዎ አልሁ። «ትምህርትማ አይከለከልም» ብለው ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ጸሎቱን ከሰዓቱ ውጭ ለማድረግ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው እንዲመጡ ለመንኋቸው። እሺ ብለው መጡ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት እኔ መቅረጫውን ከፍቼ፣ ቆሜ፣ ማስታወሻዬን እያገላበጥሁ ለቆይታው እዘጋጅ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዋናውን ጥበባችንን ጀመርሁ፤ ሰውየው የተናገረውን በራስ ቃል መልሶ ማሰማት።

«ቤቱ ቀዘቀዘብኝ» አሉ።

«ቤቱ እንደ ቀድሞው አይሞቅዎትም።»

«ደኅና ይዘሻል። ግን እኔ ያልሁት ቀዘቀዘብኝ ነው። ድገሚው።»

«ቤቱ ቀዘቀዘብኝ።»

«እንደገና።»

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዝምታን ሞከርሁ፤ ሐኪሙ ዝም ሲል ታካሚው ልቡን ይከፍታል ተብለን ነበር። ዝም አልሁ። ዝም አሉ። ከእኔ የሦስት ዓመት ዝምታ የእሳቸው የስድሳ ዓመት በለጠ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ጎንበስ ብለው አዩኝና በርኅራኄ «ጠፋብሽ?» አሉኝ። «ምኑ?» «መልሱ። አይዞሽ፣ ሲጀመር እንዲህ ነው። ቤትሽ ቀጽለሽ፣ ደጋግመሽ አጥንተሽ ነይ።»

ግራ ቢገባኝ አራተኛው ሳምንት ላይ የሐዘን መለኪያ ቅጹን አወጣሁ። ከውጭ የመጣ፣ በአዲስ አበባ ሰው የተተረጎመ ቅጽ ነው።

«ራስዎን እንደ በደለኛ ይቆጥራሉ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው በደለኛው? አንች?»

«ስለ ሞት ያስባሉ?»

«ዕለት ዕለት። አንች አታስቢም እንዴ?» አሉና ደነገጡልኝ።

«የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?»

«ጾም ነው።»

«ሌሊት እንቅልፍዎ ይቋረጣል?»

«ሰዓታት ሊቆም የሚነሣ ሰው እንቅልፉ ሳይቋረጥ እንዴት ይነሣል?»

ነጥቡን ስደምረው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግቡ የሚል ወጣ። ተጠራጥሬ ያንኑ ቅጽ ለንስሐ አባታችን ሞላሁላቸው። ከየኔታ በሁለት ነጥብ በለጡ።

የኔታ በዚያ ቀን ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው «ለመሆኑ ፈተናሽ መቼ ነው?» አሉኝ። የምን ፈተና ብላቸው፣ «የምትፈተኝው ነዋ። ቄሱ አደራ ብለውኛል፤ ልጅቷ አእምሮ አላት፣ ግን የሰው ነገር ማዳመጥ ይቀራታል አሉኝ» ብለው ወጡ።

አራት ሳምንት ሙሉ የኔታ እኔን ሲያስተምሩ ኖረዋል። በብሽቀት እየጋየሁ ንስሐ አባታችን ቤት ሄድሁ።

«አባ፣ ለየኔታ ምን ብለው ነው የላኩልኝ?»

«እውነቱን ነዋ። ‹ይሂዱ፤ ትረዳዎታለች› ብዬ በወረቀት ጻፍሁላቸው።»

ቃሉን አላልቶ ለሚያነበው ሰው ታግዝዎታለች ነው። አጥብቆ ለሚያነበው ሰው የሚናገሩት ይገባታል ነው። የኔታ አጥብቀው እንደሚያነቡት እያወቁ ነው የላኳቸው፤ ታምመሃልና ታከም ቢባሉ የኔታ ከደጃቸው አይወጡም ነበር። «አልዋሸሁም፤ ቃሉ አንድ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸው እየሳቀ። ለአማካሪዬ ደውዬ ነገርኋት። «ንገሪያቸው» አለች። ሌላ ነገር ትጨምራለች ብዬ ብጠብቅ ስልኩን ዘግታለች።

አምስተኛው ሳምንት ላይ እየተንተባተብሁ ሁሉን ተናዘዝሁ። ተቆጥተው ይሄዳሉ፣ የእኔም ዓመት አብሮ ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። የኔታ ለጥቂት ጊዜ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉን አላልተው ሞከሩት፣ አጥብቀው ሞከሩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ያ ቄስ! እኔ እኮ ነኝ ያስተማርሁት!» ሲስቁ ያየኋቸው የመጀመሪያ ቀን ነው።

«እንግዲያ ከሁለታችን ታማሚው ማን ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት፣ የኔታ።»

«ይሁን» ብለው ተቀመጡ። ተቀመጡ እንጂ ስለ ሚስታቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ስለ ዘንድሮ ዝናምና ስለ ደብረ ኤልያስ መምህር ዜማ ነበር ያወጉኝ። በስድስተኛውም ሳምንት እንዲሁ። ሙት ዓመቱ ሁለት ሳምንት ቀረው።

ስድስተኛውን ቅጂ ከላክሁ በኋላ አማካሪዬ ደወለች።

«ጸሎቱን ሰማሽው?»

«አብሬ ቆሜ ነበር።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። የሙታኑን ስም ሲጠሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ጸሎቱ ባለበት ቅጂ ሁሉ። ለምንድን ነው?»

ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው አዳመጥሁ። አባታቸውን በክርስትና ስማቸው ይጠራሉ፤ እናታቸውን፤ መምህሮቻቸውን አንድ በአንድ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ትንፋሻቸው ይሰማል። ረጅም ነው ዝምታው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ዝናሙ ያልፋሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሌላም ድምፅ አለ፤ የወረቀት መገለጥ። እኔ ነኝ። ለቆይታው እየተዘጋጀሁ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ባዶ እጄን ቆምሁ። አባት፣ እናት፣ መምህራን። ዝም አሉ። በጸሎት መካከል መናገር ነውር መሆኑን እያወቅሁ አፌ አመለጠኝ።

«የኔታ፣ የባለቤትዎን ስም አልጠሩም።»

አልዞሩም። «ከጠራኋት ከሙታኑ ጋር ልትሆን አይደለም?» አሉ ወደ ግድግዳው።

የተማርሁትን ሁሉ ትቼ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ቅኔው ይቅርና እንዲያው ይንገሩኝ» አልሁ።

መጥተው ተቀመጡ። «ግዕዝ አታውቅም ነበር» ብለው ጀመሩ። «አንዲት ቃል። እኔ ማኅሌት ቆሜ፣ ሊቃውንቱ ይበል ይበል ብለውኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ስገባ፣ ‹ዛሬስ ምን አልህ?› ትለኛለች። ሰሙን፣ ወርቁን ፈትቼ ስነግራት እህ ብላ ትሰማኝና፣ ‹ታዲያ እንዲህ አትልም ነበር? ምን አዞረህ?› ትለኛለች። አርባ ዓመት። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ነህ አላለችኝም።» ሊስቁ ሞከሩ። «አሁን ቢመጣልኝስ፣ ለማን ልፍታው?»

እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። ሐኪም በታካሚው ፊት አያለቅስም፤ ይህንንም ተምረናል። የኔታ መሐረባቸውን ሰጡኝና «ሐኪሟ አንች መስለሽኝ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው፣ ካቆሙበት ጀምረው፣ የሚስታቸውን ስም ጠርተው ጸሎቱን ጨረሱ።

አማካሪዬ ያን ቅጂ ሰምታ «በሰባተኛው ሳምንት ሕክምና ጀመርሽ» የምትል አንዲት መስመር ጽፋ አሳለፈችኝ።

ስምንተኛው ቀጠሯችን ሙት ዓመቱ ዋለበትና ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ከደብረ ኤልያስ ሳይቀር ተማሪዎቻቸው መጥተዋል። የኔታ ተነሥተው ቆሙ። ዝም አሉ። ንስሐ አባታችን ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔ የጎረቤቴን ነጠላ ጨብጬ ይዣለሁ። ልክ ሊቀመጡ ነው ብዬ ስሰጋ፣ ቅኔውን ተቀኙት። አጭር ነበር፤ ሁለት ስንኝ። ሊቃውንቱ በአንድ ድምፅ «ይበል!» አሉ።

ግቢው ውስጥ ድግሱ ሲነሣ ሁሉም በየቦታው ቅኔውን እያደነቀ ነበር። ሊቃውንቱ እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ ሌላው ሰው እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። የኔታ ለተማሪዎቻቸው ሰኞ ጉባኤ መኖሩን ነግረው ዛፉ ሥር ብቻቸውን ቆመዋል። ማንም ወደ እሳቸው አልሄደም። ሄድሁ።

«የኔታ፣ ዛሬ ምን አሉ?»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አርባ ዓመት ሙሉ ያቀረብሁለት ቅኔ እግዜርን አልገባው ኖሮ፣ አስተርጓሚዬን አስጠራት ነው ያልሁት።»