አትነሡ

በዚያ እሑድ ፓይንሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ እንደ ወትሮው ለመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት በምንሰበሰብበት ምድር ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። መምህሩ ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል። የቤቱ አባወራ፣ የጭነት መኪናዎች ያሉት ሰው፣ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጧል። ሚስቱ ከሾርባው ድስት አጠገብ ቆማለች። አንድ ቀልደኛ የአስመራ ሰው ማሞቂያውን ተጠግቷል። እኔ ከደረጃው ሥር ነበርኩ። ባለቤቴ ገና ከሥራ ሺፍቱ አልወጣም።

የነዳጅ ዋጋ የወደቀበት ጊዜ ነበር። ባለቤቴ ዳውንታውን የነዳጅ ኩባንያ ኢንጂነር ነበር፤ ሌይኦፍ ብለው ከሥራ ሲያሰናብቱት በስድሳ ሁለት ዓመቱ ቢሮ ማጽዳት ጀመረ። ወዳጅ የነበረው ሁሉ ስልክ መደወል ተወ። የቀረው ይህ ምድር ቤት ብቻ ነበር። በዕድሜ ትልቁ እሱ ስለሆነ ዳቦውን የሚባርከውም የሚቆርሰውም እሱ ነው። ሲገባ ሁሉም «ኖር!» ብለው ብድግ ይላሉ፤ እሱም «በእግዜር፣ አትነሡ» ይላል። በሳምንት ውስጥ ፊቱ ሲፈታ የማየው ያን ጊዜ ነበር።

መምህሩ ያን ቀን ስለ ቆሮንቶስ ክርስቲያኖች አስተማረ። በሮም ዘመን የሰው ክብር በሚቀመጥበት ቦታ ይታወቅ ነበር አለ። ግብዣ ሲኖር የተከበሩት ውስጥ ክፍል ጋደም ብለው ይበላሉ፤ ሌላው ግቢ ሆኖ የተረፈውን ይጠብቃል። ክርስቲያኖቹም ባለጠጋ ቤት ሲሰበሰቡ ይኸው ልማድ ተከተላቸው። ባሮቹ የጌታቸውን ሥራ ጨርሰው ሲደርሱ ምግቡ አልቆ ይቆያቸዋል።

«ምን ዓይነት ጉዶች ናቸው!» አለች ሚስትየው።

«እኔ ብሆን ሳልጠራ ቀድሜ እገኝ ነበር» አለ የአስመራው ሰው። ተሳቀ።

ትምህርቱ አለቀ። ሚስትየው ዳቦውን አምጥታ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ጋሼን እንጠብቃቸው እንዴ? ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»

«ኧረ አትጠብቁ፣ ብሉ» አልኳት።

ይሉኝታ ነው። «ያለ ጋሼማ አይሆንም» ይሉኛል ብዬ ነበር። ባሏ ቢላዋውን አነሣ፤ ባረከና ቆረሰ። ለእኔም ደረሰኝ።

ባለቤቴ የጽዳት ድርጅቱን ሸሚዝ እንደ ለበሰ ደረጃውን ወረደ። እንደ ልማዱ እጁን ከፍ አድርጎ «በእግዜር፣ በእግዜር፤ አትነሡ» አለ።

የተነሣ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሳህን ይዟል።

«ጋሼ፣ ማን ተነሣና!» ብሎ የአስመራው ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ውይ፣ ሳህን ላምጣልዎት» አለች ሚስትየው። «ዳቦው ግን…»

«በልቻለሁ» አለ ባለቤቴ።

አልበላም። ምሳ ዕቃውን ጠዋት ቤት ረስቶት ነበር የወጣው። እጁን ገና አላወረደም።

እኔም አልተነሣሁለትም ነበር። ሳህኔ ጭኔ ላይ ነው፤ ዳቦው ተገምጧል።

ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩ። ካፖርቴን ከደረጃው መደገፊያ አነሣሁና ዓይኑን ሳላይ በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ።